ስለ ሰውነታችን ማን ያስተምረን?



ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ ልካችኋል፦ «ኡስታዝ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት ስለ ፆታና ስለ ተዋልዶ መማር እንዴት ይታያል? ሐያእን አያጠፋም ወይ?»

ስጋቱ ይገባኛል። ግን መጀመሪያ የራሳችንን መድረሳ እናስታውስ። ሰፊነቱ ነጃህን የቀራ ያውቀዋል፤ ኪታቡ ገና ከመግቢያው ሳይርቅ የባሊግነትን ምልክቶች ያስተምራል፦ 15 ዓመት መሙላት፣ ከ9 ዓመት ጀምሮ ሊመጣ የሚችል ኢሕቲላም፣ ለሴት ልጅ ደግሞ ሐይድ። አያቶቻችን ይህንን የቀሩት ጢም ሳያበቅሉ፣ ሸይኻቸው ፊት ተቀምጠው ነው። ነውር ነው ያለ የለም። ይህ ሳይነገር ጉስል እንዴት ይማራሉ?

ሶሓባዎችም ይጠይቁ ነበር። ኡሙ ሱለይም (ረ.ዐ) አላህ ከእውነት እንደማያፍር ካስቀደመች በኋላ፣ ሴት ልጅ ኢሕቲላም ካየች ጉስል ይኖርባት እንደሆነ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቀች። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) አፍራ ፊቷን ሸፈነች፤ እሳቸው ግን ፈሳሹን ካየች አዎ ብለው መለሱ። ዐሊይ (ረ.ዐ) ደግሞ የነቢዩ አማች ስለሆኑ ስለ መዝይ መጠየቅ ከበዳቸው። ዝም አላሉም፤ ሚቅዳድን (ረ.ዐ) ላኩ። ሐያኡ ተጠበቀ፣ ጥያቄውም ተመለሰ።

በቅዳሜው ደርሳችን ስም የሌለበት ወረቀት ላይ ጥያቄ መቀበል ከጀመርን ቆየን። አንዱ ልጅ «ሌሊት የሚደርስብኝ ነገር በሽታ ነው? ሐኪም ቤት ልሂድ?» ብሎ ጽፏል። አንዲት እህት ደግሞ ሐይድ ሲያበቃ ጉስል ግዴታ መሆኑን ሳታውቅ ሁለት ዓመት ሰግዳ ሶላቷ ምን እንደሚሆን ትጠይቃለች። ሁለቱም እናት አባት አላቸው። ሁለቱም በባዮሎጂ ፈተና ጥሩ ውጤት ያመጣሉ። ቤት ውስጥ ግን የሚነግራቸው አልነበረም። ስልኩ ግን ሳይጠየቅ ይናገራል፤ የሚናገረውንም እናንተ ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ በኔ እይታ ትምህርት ቤት ያስተምር። ሰውነት እንዴት እንደሚለወጥ፣ ስለ ወር አበባ፣ ኤች አይ ቪ በምን እንደሚተላለፍ፣ ልጅን ማንም መንካት የሌለበት ቦታ የት እንደሆነ ይንገር። ይህን ቃል ያልተማረ ልጅ የደረሰበትን በደል ለእናቱ መናገር አይችልም። ፊቅህ ግን ከዚያ አንጠብቅ፤ ክፍሉ የጋራ ነው፣ ጎረቤታችን ክርስቲያኑም ተቀምጦበታል።

የማልቀበለውም አለ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2009 አውጥቶ በ2018 ያሻሻለው መመሪያ ከ5 ዓመት ልጅ ይጀምራል። ሳያነቡ የሚጮኹ አሉ እንጂ የትንንሾቹ ክፍል ብዙው ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ሰውነት ክፍሎችና ስለ መጥፎ ንክኪ ነው። የኔ ቅሬታ ሌላ ነው፦ ለከፍ ያሉት ልጆች ግንኙነትን የሚመዝነው በፈቃደኝነትና በጤና እንጂ በኒካሕ አይደለም። እንዲህ ያለው ሚዛን ልጆቻችን መጽሐፍ ውስጥ ከገባ ወላጅ መናገር መብቱ ነው። ለዚህ ግን መጽሐፉን ገልጦ ማየት፣ የወላጆች ስብሰባ ሲጠራም መገኘት ያስፈልጋል። (እስቲ አባቶቻችሁን መቼ እንደሄዱ ጠይቋቸው።)

ሐራምነቱን የምናስተምረውስ እንዴት ነው? አንድ ወጣት ለዝሙት ፈቃድ ሊጠይቅ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ መጣ። የነበሩት ሰዎች ገሠጹት። እሳቸው ግን አቅርበው አስቀመጡት፤ ለእናትህ ትወደዋለህ? ለልጅህስ? ለእህትህስ? ለአክስቶችህስ? እያሉ ጠየቁት። እያንዳንዱን አልወድም አለ። ከዚያ እጃቸውን አሳርፈውበት ዱዓ አደረጉለት። ያ ልጅ ዛሬ መስጂዳችን ቢመጣ ከበር የምንመልሰው ይመስለኛል።

ከሚቀጥለው ጁሙዓ ጀምሮ የወረቀቱን ጥያቄ እዚህም እንቀበላለን፤ በውስጥ መስመር ላኩልን፣ ስም አይወጣም። የእህቶችን ጥያቄ የምታየው ኡስታዛ ናት። አንዲት ሴት ከሐይድ በኋላ ስለ መታጠብ በጠየቀች ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዝርዝሩን ለመናገር አፍረው ነበር፤ ወደ ራሷ ስባ ያስረዳቻት እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ናት።

ጁሙዓ ሙባረክ። ወሰላሙ ዐለይኩም።