ሥጋን ማከም የፈጣሪን ሥራ መንቀፍ ነውን?

የጡታቸው ክብደት ከመጠን አልፎ አንገታቸውን፥ ትከሻቸውንና ጀርባቸውን የሚያሳምማቸው፥ ከጡታቸው ሥር ያለው ገላ በላብ እየተላጠ የሚያቃጥላቸው እናቶችና እኅቶች አሉ። ሐኪም ከሥጋው ከፍሎ ቢያቀልላቸው ሕመሙ እንደሚቀንስ ሲነገራቸው፥ እግዚአብሔር የሰጠውን ማስቈረጥ ኃጢአት ይሆንብናል ብለው ይጨነቃሉ፤ አፍረውም ዝም ይላሉ። ስለዚህ ጥቂት ልንናገር ወደድን።

ሥጋ የእግዚአብሔር ሥራ ነውና ያለ ምክንያት ሊጐዳ አይገባም። ነገር ግን ማጕደልና ማከም አንድ አይደሉም። በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች በመጀመሪያው ቀኖናቸው፥ በጤናው ሳለ ራሱን የሰለበውን ሰው ከክህነት ሲከለክሉ፥ በደዌ ምክንያት ባለመድኃኒት የቈረጠውን ግን አልከለከሉትም። ቢላዋው አንድ ሲሆን ፍርዱ የተለየው በምክንያቱ ነው።

«ለውበት ቢሆንስ?» የሚል ይኖር ይሆናል። የልብን አሳብ መመርመር የባለቤቲቱና የንስሓ አባቷ ድርሻ ነው እንጂ የጎረቤት አይደለም። ሸክሙን ያልተሸከመ ሰው የሌላውን ሕመም ከንቱ ውዳሴ ብሎ ሊጠራው አይገባም። እኛ ካህናትም ሳንሰማ ከመፍረድ እንጠበቅ።

አሳቧን ያጸናች ሴት አስቀድማ ትዘጋጅ። የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ ለሐኪሙ ትንገር፤ ደም የሚያቀጥን ቢኖርበት ስለ እርሱ ያዛታልና። ትንባሆ የምታጨስ ብትሆን የቍስሉን መዳን ያዘገያልና ከሳምንታት በፊት ትተው። ገና ልትወልድ የምታስብ ብትሆን ወተቷ ሊያንስ ወይም ሊቀር እንደሚችል ዐውቃ ከባሏ ጋራ ትምከር፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለምና።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ደግፎ የሚይዝ ልብስ ይለበሳል፤ ለሳምንታትም ከባድ ነገር ማንሣት አይገባም። ትኵሳት፥ መግል ወይም እየጨመረ የሚሄድ ቅላት ቢታይ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ጠባሳው ይደበዝዛል እንጂ ፈጽሞ አይጠፋም። ስለ ስግደትና ስለ ጾም ንስሓ አባቷን ትጠይቅ፤ ፍትሐ ነገሥትም ለሕሙማን ጾምን ያቀልላል። ጠበልም ቢሆን መጠጣቱ አይከለከልም፤ መጠመቁ ግን ቍስሉ እስኪጠግግ ይቈይ።

ከቍስሉም ይልቅ የሚከብዳት ሌላ ነገር አለ። ዕድሜዋን ሙሉ ሌላውን ስታገለግል የኖረች እናት ተኝታ መገልገልን አትወድም። እንጀራው ሲጋገርላት፥ ውኃው ሲቀዳላት ዕዳ የገባች ይመስላታል፤ ስለዚህ ሳትድን ተነሥታ ምጣድ ታነሣለች፥ ቍስሏንም ትከፍታለች። ጴጥሮስም ጌታው እግሩን ሊያጥበው በቀረበ ጊዜ እምቢ ብሎ ነበር፤ ነገር ግን መገልገልን መቀበልም ትሕትና እንደ ሆነ ተማረ። እርሷ ይህን ትሕትና ስትማር፥ ባልና ልጆች ደግሞ በየቀኑ ምን ያህል ሸክም ትሸከም እንደ ነበረ ይማሩ።

ስለዚህ ታክማ መዳን የፈጣሪን ሥራ መጠበቅ እንጂ መንቀፍ አይደለም። እግዚአብሔር ለሕሙማን ምሕረትን፥ ለሐኪሞች ማስተዋልን፥ ለአስታማሚዎች ትዕግሥትን ይስጥ። አሜን።