ትዕግሥት ወይስ ብድር?

ጎበዝ የነበረ የቤዝቦል መቺ በድንገት ሲወርድበት ተመልካቹ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ይመለስ ይሆን?» ጥያቄው የቁጥር ይመስላል። የባልቲሞር ኦርዮልሱን ክሪስ ዴቪስን ሳስብ ግን የሥነ ምግባር ጥያቄ ይሆንብኛል።

ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. 53 ሆም ረን መታ። በቀጣዩ ዓመት ክፉኛ ወደቀ። በ2015 በ47 ሆም ረን ተመለሰ፤ ክለቡም የ7 ዓመት፣ የ161 ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጠው። በ2018 ግን ከ470 ሙከራ የተሳካለት 79 ብቻ ነበር። ከዚያ ዓመት ሴፕቴምበር እስከ 2019 ኤፕሪል ድረስ 54 ሙከራ በተከታታይ ከሸፈበት። በ2021 መጫወት ማቆሙን አስታወቀ።

ቁጥሩ የራሱ መልስ አለው። ጎበዝ የሚባለው መቺ እንኳ ከ10 ሙከራ የሚሳካለት 3 ያህሉ ነው። አጥብቆ የመታው ኳስ ተከላካይ እጅ ይገባል፤ ጫፉን የነካው ባዶ ሜዳ ላይ ያርፋል። ስለዚህ በጣም በከፋ ዓመት ውስጥ ዕድልም እጁ አለበት፤ ብዙዎች በቀጣዩ ዓመት ወደ ወትሯቸው ጠጋ ይላሉ። ግን ወትሮው ራሱ ከዕድሜ ጋር ይወርዳል። ዴቪስ መጀመሪያ ሲወድቅ 28 ዓመቱ ነበር፤ ኋላ ሲወድቅ 32። በወቅቱ ለሚያይ ሰው ግን የትኛው ውድቀት መመለሻ እንዳለው አይታወቅም ነበር።

በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። በዚያ ሰሞን ስታዲየም ገብቼ ነበር። ዴቪስ ኳስ ሲስት ዙሪያዬ ያሉት በፌዝ አጨበጨቡ፤ እኔም አጨበጨብኩ። «ይህን ያህል የተከፈለው ሰው ይቻለው» ይባላል። እውነት ነው፣ ክለቡ ሊያስቀምጠው፣ ተመልካቹም ጨዋታውን ሊነቅፍ መብት አለው። ሥራን መመዘን ግን አንድ ነገር ነው፤ በሰው ውርደት መዝናናት ሌላ።

በመጽሐፈ ኢዮብ መጨረሻ ኢዮብ ያጣው ሀብት እጥፍ ሆኖ ይመለስለታል። ወዳጆቹ የተፈተኑት ግን ያኔ አይደለም፤ እሱ አመድ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ መጨረሻውን ሳያውቁ በተናገሩት ነው።

በ2014 የታገሥነው ሰዎች በ2015 ደስ አለን፤ ትዕግሥታችን ከነወለዱ ተከፈለን። በ2018 መመለሻው ሲጠፋ ምን እንደነበረ ታየ፤ ብድር ነበር። ይመለስ አይመለስ እንደሆነ ጊዜ ይነግረናል። እስከዚያ እንዴት እንደምንይዘው ግን የሚወስነው ጊዜ አይደለም፤ እኛ ነን።