በባልዲ የበቀለው ቲማቲም የማን ነው?



በአዲስ አበባ መሬት የሌለው ሰው መትከል ከጀመረ ሰንብቷል። በኮንዶሚኒየም በረንዳ፣ በቀበሌ ቤት ደጃፍ፣ በደረጃ ሥር፣ የቀለም ባልዲውና የተቆረጠው ጀሪካን አፈር ተሞልቶ ቲማቲም ተተክሎበት ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። አንዳንዱ «ለአራት ፍሬ ቲማቲም ይህን ያህል ልፋት!» እያለ ይስቃል። ሌላው ደግሞ «መትከል ሰደቃ ነው» ብሎ ኮሪደሩን በባልዲ ይሞላዋል። ሁለቱም አንድ ጥያቄ ዘለዋል። በባልዲዬ ውስጥ የበቀለው ነገር ሙሉ በሙሉ የእኔ ነውን? ሥራውን መልካም ሥራ የሚያሰኘውስ ምንድን ነው?

በቅድሚያ ሥራውን እንመልከት። ለአንድ የቲማቲም ተክል ሃያ ሊትር ያህል የሚይዝ ዕቃ ይበቃዋል። ዕቃው ታቹ መበሳት አለበት፤ ካልተበሳ ሥሩ በውሃ ታፍኖ ይበሰብሳል። አፈሩ ከብስባሽ ጋር ይደባለቃል፤ ተክሉ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋል፤ ቁመቱ ሲጨምር በእንጨት ይደገፋል። ችግኙ ወደ ባልዲው ከተዛወረ በኋላ ቀይ ፍሬ ለማየት ሁለት ወር ተኩል ወይም ሦስት ወር ያህል መታገሥ ነው፤ የአዲስ አበባ ሌሊት ቀዝቃዛ በመሆኑ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። በክረምት ዝናብ የሚወርድበት ቅጠል በበሽታ ጠቁሮ ሊረግፍ ይችላል። እንግዲህ ይህን ሁሉ ልፋት በብር የሚያሰላ ሰው ከጉልት መግዛት ቢሻለው አይገርምም።

ዋጋው ገንዘብ ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው? ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ሙስሊም ከተከለው ወይም ከዘራው ነገር ሰውም ሆነ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላለት ሰደቃ እንደሚሆንለት አስተምረዋል። ኢማም አሕመድ በዘገቡት ደግሞ ቂያማ በሚቆምበት ሰዓት እንኳ ችግኝ በእጁ የያዘ ሰው፣ መትከል ከቻለ እንዲተክል አዘዋል። ይህ ሰው ከተከለው አይበላም፤ ልጆቹም አይበሉም፤ ገበያ የሚያወጣውም የለም። የመትከል ዋጋ በኪሎ የሚመዘን ቢሆን ኖሮ ይህ ትእዛዝ ትርጉም ባልኖረው ነበር። ቲማቲም ራሱ በመዲና የሚታወቅ ተክል አልነበረም፤ የትውልድ አገሩ አሜሪካ ነው፤ ባሕር ተሻግሮ ወደ ሌላው ዓለም የመጣው ከ1492 እ.ኤ.አ. በኋላ ነው። ትምህርቱ ግን በተምር ዛፍ ስም ላይ አልቆመም፤ በአትካዩ እጅና ልብ ላይ ነው። ስለዚህ ሰፊ ማሳ የሌለው የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪም ከዚህ ምንዳ አልተገለለም።

ይሁን እንጂ ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። «ሰደቃ ነው» የሚለው ቃል የሌላውን ሐቅ ለመንካት ፈቃድ ሆኖ ሲወሰድ ሰደቃነቱ ይጠፋል። ሰደቃ ከራስ የሚወጣ ነገር ነውና። የባልዲው ቲማቲም ደግሞ በአፈርና በዘር ብቻ አይበቅልም። ከጋራ ነገር ውሃ ይወስዳል፤ ቦታ ይይዛል፤ ከታች ያለውን ሰው ይነካል።

ውሃውን እናስቀድም። በብዙ ሰፈሮች ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። በደረቅ ወቅት አንድ ያደገ ተክል በቀን አንድ ሊትርና ከዚያ በላይ ሊጠጣ ይችላል፤ አሥር ባልዲ ያለው ሰው በየቀኑ ግማሽ ጀሪካን ያህል ያፈሳል ማለት ነው። «የከፈልኩበት ውሃ ነው» ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ክፍያው ባለሐቅ ያደርጋል። ሮቶው የጋራ ሲሆን ግን ከላይ የፈሰሰው ከታች ይጎድላል፤ ሕፃን የምታጥብ እናት ባዶ ጀሪካን ይዛ ስትቆም የክፍያ ደረሰኝ ማሳየት መልስ አይሆንም። ሰው ከተክል ይቀድማል።

ታዲያ አንትከል? አይደለም። መውጫው ከራሳችን ጦሃራ ውስጥ አለ። አነስ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ውዱእ የሚያደርጉት በአንድ ሙድ ውሃ ነበር። ሙድ ማለት የመካከለኛ ሰው ሁለት መዳፎች ተገጥመው የሚይዙት መጠን ሲሆን አንድ ሊትር አይሞላም። እኛ ግን ቧንቧ ከፍተን ክንዳችንን እስክናጥብ ድረስ ስንት ሙድ ይወርዳል? በማንቆርቆሪያ ውዱእ ያደረገና ውሃውን በሳፋ ያጠራቀመ ቤተሰብ፣ በአምስቱ ሰላት ሁለትና ሦስት ባልዲ ተክል የሚያጠጣ ውሃ ያገኛል። በሻፊዒይ መዝሀብ ለግዴታ ውዱእ ያገለገለ ውሃ ንጹሕ ነው፤ ሌላ ውዱእ ግን አይደረግበትም። ለሰላት ዳግም የማይሆነው ውሃ ለቲማቲሙ ሥር ሕይወት ነው። ቁርኣን አጥብቆ የሚያወግዘው ብክነትም በዚህ ይቀንሳል።

ከዚህ አንድ መመሪያ ይወጣል፤ የባልዲዎቻችንን ቁጥር የበረንዳችን ስፋት ሳይሆን የሚተርፈን ውሃ ይወስነው። ተክሉም ራሱ ይህንኑ ይፈርዳል። አንድ ቀን ጠግቦ ሦስት ቀን የተጠማ ቲማቲም የፍሬው ታች ጠቁሮ ይበሰብሳል፤ ወይም ይሰነጠቃል። ካቅም በላይ የተከለ ሰው ጎረቤቱንም ይጎዳል፤ ፍሬውንም አያገኝም።

ሁለተኛው ጉዳይ ቦታው ነው። ስለ ጋራ ሕንፃ ቤቶች የወጣው አዋጅ ቁጥር 370/1995 የግል የሆነውን ከጋራው ለይቶ አስቀምጧል። ደረጃው፣ ኮሪደሩና ጣሪያው ቀድሞ ባልዲ ያስቀመጠ ሰው ርስት አይደሉም። በበረንዳ ብረት ጠርዝ ላይ የተንጠለጠለ፣ ውሃ የጠጣ ባልዲ ክብደቱ ቀላል አይደለም፤ ከሥሩ ልጆች ይጫወታሉ። የሚያንጠባጥበው ጭቃ የታችኛዋን ጎረቤት ልብስ ዳግም ያሳጥባል። ፉቀሃዎች ጉዳትን መከላከል ጥቅምን ከማምጣት ይቀድማል የሚል መርሕ አላቸው። ከባልዲው ሥር ሳህን ማድረግ፣ ባልዲውን ከጠርዙ ወደ ውስጥ መሳብ፣ በኮሪደር ከማስቀመጥ በፊት የፎቁን ሰዎች ማስፈቀድ፣ እነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ቢመስሉም የሰደቃው መሠረት እነርሱ ናቸው።

ሚዛኑ ግን በአንድ ወገን ብቻ አይጫንም። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲስ ጎረቤት በግድግዳው ላይ እንጨት እንዳይተክል ጎረቤቱ እንዳይከለክለው ተመክሯል። ግድግዳው የራስ ሆኖ ሳለ እንኳ የማይጎዳውን ነገር መፍቀድ የጉርብትና ወግ ነው ማለት ነው። ስለዚህ መንገድ ያልዘጋ፣ ውሃ ያላንጠባጠበ አንድ ባልዲ በጥግ ቢቀመጥ «የጋራ ቦታ ነው» ብሎ ማስነሣት ሐቅን ማስከበር ሳይሆን ቅናት ሊሆን ይችላልና ልባችንን እንመርምር።

በመጨረሻ ፍሬው ይመጣል። አብዛኞቹ ዑለማዎች በአትክልት ላይ ዘካ የለም ሲሉ፣ ኢማም አቡ ሐኒፋ ምድር ባበቀለችው ላይ ዑሽር አለ ብለዋል። በክርክሩ ውስጥ ሳንገባ፣ ዘካ የሌለበት ነገር ሁሉ ሰደቃ የለበትም ማለት እንዳልሆነ እናውቃለን። ለአቡ ዘር (ረ.ዐ) መረቅ ሲሠሩ ውሃ ጨምረው ለጎረቤት እንዲያደርሱ የተነገራቸው ምክር እዚህም ይሠራል። ጎረቤት ሲባል ሃይማኖቱ አልተጠየቀም፤ በሁዳዴ ጾም ሰላጣ ለምትሠራ ክርስቲያን ጎረቤት አምስት ፍሬ ቲማቲም በሳህን መላክ ከብዙ ንግግር ይበልጣል። ወፍ ጫር ጫር ካደረገው፣ የጎረቤት ልጅም ሹልክ ብሎ ከቀጠፈው አንበሳጭ። ጃቢር (ረ.ዐ) ባስተላለፉት የሙስሊም ዘገባ ከተተከለው የተሰረቀው ሳይቀር ለአትካዩ ሰደቃ እንደሚሆን ተነግሯል። ልጁን ማስተማር የወላጁ ድርሻ ነው፤ የአትካዩ ምንዳ ግን አልጠፋም።

እንግዲህ በባልዲው የበቀለው ቲማቲም የማን ነው? ዘሩን ገዝተናል፤ ውሃውን ከሌላው ጋር ተካፍለናል፤ ቦታውን ጎረቤት ታግሦልናል። አብቃዩ ማን እንደሆነም ሱረቱል ዋቂዓ ዘሪዎችን ሁሉ ይጠይቃል። ከዚህ በኋላ «የእኔ» የሚለው ቃል በአፋችን ሊከብደን ይገባል። ባልዲው ትንሽ ነው፤ ፈተናውም በልኩ ነው። በሃያ ሊትር አፈር የጎረቤቱን ሐቅ ያልጠበቀ ሰው በሄክታር ቢሰጠው ይጠብቃል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል። አላህ (ሱ.ወ) የምንተክለውን የሚጠቅም፣ ጎረቤቶቻችንንም ከእኛ ጉዳት የዳኑ ያድርግልን። አሚን።