ሆድ፣ መንገድና የወጥ መጽሐፍ

ስለሚበላ ነገር አስቀድሞ ማቀድ ነውር ነው ወይ? ይኸን ጥያቄ ያነሣነው ጠግበን አይደለም፤ በተማሪዎች ምግብ አዳራሽ ትሪ ይዘን ተሰልፈን ሳለ ነው። ከመካከላችን አንዱ «በዕረፍቱ ወደ ምዕራብ ጎጃም ስንሻገር የት የት እንደምንበላ ከወዲሁ እንወስን» ቢል፣ ከኋላው የቆመው «አንተ ሆዳም!» አለው። ሁላችንም ሳቅን። ቃሉ ግን ከሽሮው ጋር አልወረደልንም።

አማርኛችን ሆድን እንዳከበረው ሁሉ ያዋረደው ነገር የለም። ቻይ ሰው ሆደ ሰፊ ነው፤ ምስጢር በሆድ ይያዛል፤ ያዘነ ሰው ሆዱ ይባባል፤ የማይነገረውን «ሆድ ይፍጀው» ብለን እናልፋለን። ፍቅርም ቂምም የሚቀመጡት እዚያው ነው። ይኸው የከበረ ሆድ እንጀራ ሲገባበት ግን ወዲያው ይረክስና ሆዳም፣ ሆድ አደር ይባላል። ሆድ አደር ማለት ደግሞ ብዙ የሚበላ ማለት አይደለም፤ ለእንጀራው ሲል ሕሊናውን የሸጠ ነው። ተማሪ ለተማሪ ከሚሰዳደበው ስድብ ሁሉ ከዚህ የከፋ ያለ አይመስለንም።

ስድቡ ይህን ያህል የከበደበት ምክንያት አለ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። የወሎ ረኀብተኞች ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር እየተፈራረቁ እንዲታዩ ተደርጎ የተቀነባበረ ነበር፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። አያቶቻችን ያን ማታ ያዩትም ያላዩትም ለኛ ያወረሱን አንድ ስሜት አለ፤ ይኸውም ጣፋጭ ነገር በቀመስን ቁጥር ከጠረጴዛው ማዶ የሚያየን ሰው ያለ የሚመስለን ነው። ስሜቱ መልካም ነው፤ አንጥለውም። ዳሩ ግን ፊልሙ የከሰሰው ምኑን ነበር? የግብዣውን መጣፈጥ ነውን? አይደለም። የሚበላው ሰው የማይበላውን አለማየቱን ነው። ግብዣው ጨው የጎደለው ቢሆንም ኖሮ ክሱ ያው ክስ ነው። እንግዲህ የሚያምር ምግብ መውደድ በራሱ ወንጀል አይደለም ብለን ተስማማንና ዕቅዳችንን ነደፍን። ክርክሩ ያለቀ መስሎን ነበር።

በዚህ ረገድ ፈረንጆቹ ርቀው ሄደዋል። ሚሽሊን የተባለው የመኪና ጎማ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1900 ለባለ መኪናዎች የመንገድ መጽሐፍ አሳተመ፤ ኋላም ለምግብ ቤቶች ኮከብ ይሰጥ ጀመር። ሦስት ኮከብ ያገኘ ቤት ለሱ ብቻ ተብሎ ጉዞ ሊደረግለት የሚገባ ማለት ነው። (ጎማ ሻጭ ስለ ምግብ ይህን ያህል የሚጨነቀው ጎማው ቶሎ እንዲያልቅ ይሆን እንዴ? ብለን ጠርጥረናል።) እኛ መኪናም ኮከብም የለንም። በአንድ ሉክ ወረቀት ላይ ግን «ደብረ ማርቆስ ምሳ፣ ፍኖተ ሰላም እራት፣ ቡሬ ዶሮ ወጥ ከማር ጠጅ ጋር» ብለን ጻፍን። ጉዞው ለጥር የታሰበ ነበር። ፈተናው ሲገፋ ዕረፍቱም ተገፋና፣ የተነሣነው በመጋቢት 2015 ዓ.ም.፣ ሁዳዴ እኩሌታ ላይ ሆነ። ዶሮዋ ከዕቅዱ በረረች። ከስድስታችን የሚጾመው ግማሹ ብቻ ነው፤ ግን በሁዳዴ ጎጃም ገብቶ ዶሮ ወጥ አምጡ ማለት ለማይጾመውም አፍ ይከብዳል።

ሁለተኛው ዓላማችን መጽሐፍ ነበር። የበሉበትን ቤት የወጥ መጽሐፍ ገዝተው የሚሰበስቡ መንገደኞች በውጭ አገር አሉ። ኢትዮጵያ ተወልዶ ስዊድን ያደገው ማርከስ ሳሙኤልሰን፣ በኒው ዮርክ ወጥ ቤቱን ይመራ የነበረውን አክቫቪትን ምግብ ቤት አሠራር እ.ኤ.አ. በ2003 በመጽሐፍ አውጥቷል። ዮሐንስ ገብረኢየሱስም እ.ኤ.አ. በ2018 የኢትዮጵያን ምግብ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አሳትሟል። ታዲያ የጎጃም መንገድ ምግብ ቤቶችስ? አዲስ አበባ ያሉትን የአሮጌ መጻሕፍት መደርደሪያዎች ሁለት ቅዳሜ በረበርን። ስለ ምግብ በጠቅላላው የተጻፈ አልጠፋም፤ አንድ ምግብ ቤት የራሱን ወጥ በአማርኛ ያሳተመበትን ግን ፈልገን አጣን። «ካልተጻፈ እኛ እንጽፈዋለና!» አለች ከመካከላችን አንዷ። ይኸ ንግግር ያን ጊዜ ጀግንነት መስሎ ታይቶን ነበር።

ሌሊት ተነሥተን፣ ዓባይን ተሻግረን፣ ደጀንን፣ ደብረ ማርቆስን፣ ደምበጫንና ጅጋን አልፈን ፍኖተ ሰላም ገባን። ጃቢ ጠህናን፣ ቡሬና ወምበርማ በበርበሬያቸው የታወቁ ናቸው፤ በርበሬ የሞላ ጆንያ ከተደረደረበት አጠገብ ያለፈ ሰው ይኸን ለማወቅ መጽሐፍ አያሻውም፣ አፍንጫው ይነግረዋል። ያደርንበት ሆቴል አስተናጋጅ በያይነቱ አቀረበልን። በልተን ስናበቃ «የወጥ አሠራር የተጻፈበት ደብተር ይኖራችኋል?» ብለን ጠየቅነው። «ደብተርስ አለ» ብሎ ገባና ጠርዙ በዘይት የወዛ ትልቅ መዝገብ አምጥቶ ከፊታችን አኖረው። ገለጥነው። የዱቤ መዝገብ ነው። እገሌ መምህር፣ ሁለት ሽሮ፤ እገሌ ሹፌር፣ ሦስት በያይነቱና አምቦ ውኃ፤ የተከፈለው በቀይ ተሰርዟል፣ ያልተከፈለው እንዳለ ነው። ስንስቅ አስተናጋጁም ሳቀ፤ ለምን እንደሳቅን ግን አልገባውም። በምዕራብ ጎጃም ያገኘነው የምግብ ቤት መጽሐፍ ይኸው አንድ ብቻ ነው።

በማግሥቱ ወደ ቡሬ ስንጓዝ ማንኩሳ ላይ ሁላችንም አንገታችንን በመስኮት አወጣን። ምንም የተለየ ነገር አላየንም፤ ቤት፣ ባሕር ዛፍ፣ መንገድ ዳር የቆሙ ልጆች። ግን ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ማንኩሳን ረግጦ የማያውቅ ሁሉ ያውቃታል። መጻፍ ይኸን ያደርጋል፤ የተጻፈውን ቦታ ሁሉም ሰው የራሱ ያደርገዋል። ይኸ ለቦታው ጥቅም ነው ወይስ ጉዳት? ብለን ያን ጊዜ አልጠየቅንም።

ቡሬ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ የሚገነጠልባት፣ ጥንትም ከዓባይ ማዶ የሚመጣ ነጋዴ የማያጣት የገበያ ከተማ ነች። ከገበያው አጠገብ ባለች ትንሽ ቤት ተቀመጥን። ያቀረቡልን እንጀራና ስልጆ ነው። ከዚያ በፊት ስልጆ የማናውቅ ሆነን አይደለም፤ የዚያን ቀኑ ግን ሌላ ነው። ኮምጠጥ ብሎ ይጀምርና፣ ሰናፍጩ በአፍንጫ ወጥቶ ዓይን አስለቅሶ፣ መጨረሻ ላይ የባቄላው ለስላሳነት ብቻ ይቀራል። ዝም ብለን በላን። ስድስት ተማሪ ዝም ብሎ መብላቱን የሰማ የት አለ?

የቤቱ ባለቤት፣ እማማ ነው የምንላቸው፣ በበርጩማ ተቀምጠው ሽንኩርት ይልጡ ነበር። ጠየቅናቸው፤ አልደበቁንም። ሱፉ እንዳያር ለስለስ ባለ እሳት ይታመሳል፤ ይወቀጣል፤ በውኃ ተመትቶ ይጠለላል፤ ጭማቂው ከባቄላ ዱቄት ጋር ምድጃ ላይ ይማሰላል፤ ሲበርድ ሰናፍጩ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ጤና አዳሙ ገብቶ፣ ተከድኖ ይቀመጥና ይብላላል። ጻፊያችን እጇ እስኪዝል ጻፈች። «ሰናፍጩ ምን ያህል ነው?» ብትላቸው፣ «እስኪያስነጥስሽ ነዋ!» አሏት። «የሚማሰለው እስከ መቼ ነው?» «ድምፁ እስኪለወጥ።» «ስንት ቀን ይቀመጣል?» «ቤትሽ ሙቅ ነው ብርድ?» ሁሉን ከጻፈች በኋላ «እኔ ማንበብ አልችልም፤ እስቲ አንብቢልኝ» አሏት። ስታነብ በጥሞና አዳመጡና «ጨውን ረሳሽው ልጄ» ብለው ሳቁ። ሒሳብ ስንከፍል ለትምህርቱ ብለን ጥቂት ብር ብንጨምር መልሰው እጃችን ላይ አኖሩት። «ለወሬ ደግሞ ይከፈላል እንዴ?»

እዚህ ላይ ጽሑፉ ቢቆም ደስ ባለን። ግን አልቆመም።

ግቢ ስንመለስ የስልጆውን አሠራር በስቴንስል ጽፈን «ከምዕራብ ጎጃም ያሰባሰብነው» የሚል ርዕስ ሰጥተን አባዛነው። አንዱን ቅጠል በ10 ብር ሸጥን፤ 62 ቅጠል ተሸጠ። ወረቀቱና ቀለሙ ተቀንሶ 500 ብር ተረፈ። ከገዙት አንዲት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ መጥታ «ሴትዮዋ ማን ይባላሉ?» አለችን። እርስ በርሳችን ተያየን። ሁለት ሰዓት ሙሉ እማማ እያልን ስናስቸግራቸው ውለን ስማቸውን አልጠየቅንም።

ክርክሩ ከዚያን ቀን ወዲህ አልበረደም። አንደኛው ወገን እንዲህ ይላል፦ ስልጆ የማንም አይደለም፤ ሴትዮዋ ከናታቸው ተማሩት፣ እናታቸውም ከናታቸው፤ የሳቸውን ስም ብንጽፍበት የሕዝቡን ሀብት ለአንድ ሰው መስጠት ነው። ደሞስ ከማድጋቸው ምን ጎደለ? ዕውቀት እንደ እሳት ነው፣ ጎረቤት ቢጭረው አይቀንስም። ከናታቸው በነጻ የተማሩትን እሳቸው ራሳቸው ይሸጡ የለም ወይ? ይኸ ቀላል ክርክር አይደለም፤ እስከ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልመለስነውም። የምንለው ግን አለ። እሳቸው የሚሸጡት ማመሱን፣ መውቀጡን፣ ምድጃ ዳር መቆሙን ነው። እኛ ግን የሸጥነው ምን ደክመንበት ነው? መጻፋችን ድካም ነው እንበል፤ እሱን ወረቀቱና ቀለሙ ላይ እንቁጠረው። የተቀረው 500 ብር «ለወሬ ይከፈላል እንዴ» ብለው የመለሱት ገንዘብ ነው። ስጦታ ብለው ሰጡን፤ ሸቀጥ አደረግነው።

ይኸን ስንከራከር የጣይቱ ሆቴል ታሪክ ትዝ አለን። በ1900 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ላይ ሆቴሉ ሲከፈት፣ ምግብ በገንዘብ መግዛት ነውር ስለነበር ሰው አልገባ ብሎ፣ አጤ ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው ገብተው እየበሉ መክፈልን እንዳስለመዱ ይነገራል። እንጀራ ለእንግዳ ይቀርባል እንጂ አይሸጥም የሚል ሕዝብ ነበር። እኛ ዛሬ ለምግቡ መክፈልን ለምደናል፤ ለወጥ ቤቷ ዕውቀት ለመክፈል ግን ገና የምኒልክ ዘመን ሰዎች ነን። «እማማ» የሚለው ቃልም አግዞናል። እናት ካልናቸው ልጆች ሆንን፤ ልጅ ደግሞ እናቱን ስምሽ ማነው አይልም፣ ዋጋሽ ስንት ነው አይልም። አክብሮት ነው ብለን የጠራንበት ስም ከዕዳ መሸሸጊያ ሆኖልናል።

የሕዝብ ሀብት ስም አያሻውም የሚለውም ነገር የሚሠራው ለወጥ ቤት ሴቶች ብቻ ይመስላል። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ አፍሪካ ምግብ ታሪክ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጣይቱ እ.ኤ.አ. በ1887 በእንጦጦ ማርያም ያዘጋጁትን ግብር ይተርካል። ባለ ግብሯን እናውቃለን። በርበሬውን የደለዙትን፣ እንጀራውን የጋገሩትንስ? ሳሙኤልሰን እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ የወላጅ እናቱን ፎቶግራፍ አይቶ እንደማያውቅ፣ እሷን የሚያስበው በበርበሬ እንደሆነ ጽፏል። ልጇ ስንት የወጥ መጽሐፍ ያሳተመ እናት ናት። ይኸን ያነበብነው ቅጠላችንን ከሸጥን በኋላ ነው።

ተመልሰን እንሂድ፣ ስማቸውን እንጠይቅ፣ ገንዘቡን እንስጥ፣ አልቀበልም ካሉም ይቅርታ ብለን እንምጣ ተባባልን። ለክረምቱ ቀጠሮ ያዝን። በዚያው ክረምት ክልሉ ጦርነት ውስጥ ገባ፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰው ጥቃት ከሃያ በላይ ሰዎች እንደሞቱ ተዘገበ። ስሟ የሰላም መንገድ ማለት የሆነ ከተማ! መንገዱ ከዚያ ወዲህ ሲዘጋ ሲከፈት ቆየ፤ ስልክ አልያዝንም፤ በቡሬ ለሚያልፉ ሹፌሮች «ከገበያው አጠገብ፣ ስልጆ የሚሠሩ እናት» ብለን ብናስጠይቅ፣ «እንዲህ ያለችው እኮ ብዙ ናት» የሚል መልስ መጣልን።

ቅጠሉን ዳግመኛ ስናባዛ የዋጋውን መስመር አውጥተን፣ «ያሰባሰብነው» የሚለውንም ሰርዘን፣ ከርዕሱ በታች ለስም የሚሆን ባዶ መስመር ትተናል። ብሩ በፖስታ ታሽጎ በገንዘብ ያዣችን ዘንድ አለ። ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ላይ አንዱ «ስቴንስል አልቋል፣ ከሱ እንበደር» የሚል ሐሳብ አቀረበ። አራት ለሁለት ወደቀበት። ሁለቱ አሁንም እየተከራከሩ ነው።