ሐኪም ፊት ዝምታ ይነቅዛል

ልጄ፣ አባትህን ነገ አለርት ሆስፒታል ልትወስዳቸው መሆኑን ሰማሁ። ደግ አድርገሃል። አለርት በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕክምና ከተቋቋመ ጀምሮ፣ የእኛ ኮልፌ ሰው ደብቀው ያቆዩት በሽታ ምን እንደሚያሳጣ በዓይኑ አይቷል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

አባትህ ግን «ዝም አይነቅዝም» ሲባል ሰምተው ያደጉ ሰው ናቸው። ሐኪም ፊት ዝምታ ይነቅዛል። «ሳል ነው» ብለው ካበቁ ሐኪሙ ቲቢን ያስባል፤ አይፈረድበትም። አክታቸው ይመርመር። ነጻ ናቸው ተብሎ የትንፋሽ እጥረቱ ከቀጠለ ግን፣ ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና፣ ሥሩን አንተ ተናገርላቸው።

ሥሩ አባትህ የሠሩበት ጋራዥ ነው። እሳቸው በሠሩበት ዘመን የፍሬን ሸራና ፍሪሲዮን አስቤስቶስ ነበረበት። እሳቸው ሸራውን ሲሞርዱ፣ አቧራውን በኮምፕሬሰር ሲነፉ ኖረዋል። ብናኙ ሳንባ ከገባ አይሟሟም፤ ጠባሳ እየሠራ ይቆይና ብዙውን ጊዜ ከ20 ዓመት በኋላ ይገለጣል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ የሚሄደው ለመልካም ብቻ አይደለም።

ሐኪሙ ጀርባቸውን ያዳምጣል፤ የጣታቸው ጫፍ አብጦ እንደሆነ ያያል። ራጅ መጀመሪያ ላይ ደህና ሊመስል ስለሚችል፣ ሲቲ ስካን ቢያዝ «ገንዘብ ሊያስወጣን ነው» አትበል። የትንፋሽ ምርመራውም ሳንባቸው ምን ያህል አየር እንደሚይዝ ይለካል። ከሳንባ ናሙና መውሰድ ግን ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፤ የሥራ ታሪካቸው ከምርመራው ውጤት ጋር ከገጠመና ሌላ ምክንያት ካልተገኘ በሽታው ይታወቃል።

ጠባሳውን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም፤ «ታዲያ ማወቁ ምን ይረባል?» እንዳትል። አስቤስቶስና ሲጋራ ሲገናኙ የሳንባ ካንሰርን አደጋ እጅግ ያበዙታልና፣ የሚያጨሱትን ሲጋራ ያቆማሉ፤ ክትትልም ይጀምራሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ከሥራ የሚመጣን በሽታ ያውቀዋል፤ ያለ ሐኪም ማስረጃ ግን መብት አይጠየቅም።

አንተም ሙያቸውን ወርሰሃል፤ ዛሬም አስቤስቶስ ያለበት ሸራ በዓለም ገበያ አልጠፋም። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረግ እንጂ አትንፋ፤ የሥራ ልብስህንም ይዘህ ቤት አትግባ።

ዛሬ ማታ አጠገባቸው ተቀመጥ። በየትኛው ጋራዥ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ምን እንደሠሩ ጠይቀህ ጻፍ። ወረቀቱን ነገ ለሐኪሙ በእጁ ስጠው።