የበሬ ዕረፍት የማን መብት ነው?

የእርሻ እንስሳትን መጠበቅ ሁለት ጥያቄ ያስነሳል፤ ባለቤቱ በእንስሳው ላይ ምን ማድረግ አይችልም? የሚከለከለውስ ለማን ተብሎ ነው? በወሎ፣ በሐይቅና በአምባሰል፣ ለመጀመሪያው ጥያቄ ሃይማኖት ቀድሞ መልስ ሰጥቷል።

ክርስቲያኑ ገበሬ በሰንበት በሬ አይጠምድም። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 23 በሬና አህያ በሰባተኛው ቀን እንዲያርፉ ያዛል፤ ዘዳግም ምዕራፍ 25 ደግሞ በአውድማ የሚያበራይ በሬ አፉ እንዳይታሰር ይከለክላል። የቅዳሜ ሰንበት ግን ብዙ አከራክሯል። ዐቃቤ ሰዓት የሚል የቤተ መንግሥት ማዕረግ የነበራቸው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም መሪዎች ቅዳሜ እንደ እሑድ እንዳይከበር ከተቃወሙት ወገን ነበሩ። በ1450 (እ.ኤ.አ.) በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ የሁለቱንም ቀናት መከበር አጸና። ክርክሩ ስለ አምልኮ ነበር፤ በሬው ግን ከቀንበር የሚያርፍበት ቀን አተረፈ።

በእስልምናም ቁርኣን በአል-አንዓም ምዕራፍ እንስሳት እንደ ሰው ሁሉ ማኅበረሰቦች መሆናቸውን ይናገራል፤ ሐዲስ ደግሞ አራጁ ቢላዋውን እንዲስልና የሚታረደውን እንዳያሰቃይ ያዛል። በሁለቱም እምነቶች ባለቤቱ ስለ እንስሳው በፈጣሪ ፊት ይጠየቃል።

የመንግሥት ሕግ መነሻው ሌላ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1127 በራሳቸው የሚንቀሳቀሱ ግዙፍ ነገሮችን ከተንቀሳቃሽ ንብረት ይመድባል፤ በሬም በዚህ ውስጥ ይገባል። ቁጥር 2071 እንስሳው ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል። አዋጅ ቁጥር 267/1994ም ትኩረቱ የእንስሳት በሽታን መከላከልና መቆጣጠር ነበር።

ጥበቃው ይጠናከር ለሚሉ ሰዎች ከባዱ ተቃውሞ ከድህነት ይመጣል። በ1966ቱ የወሎ ረሃብ ሰውም ከብትም አብረው አልቀዋል፤ በድርቅ ዘመን በሬው ስለከሳበት ገበሬን መቅጣት ችግርን እንደ ወንጀል መቁጠር ይሆናል። ደግሞም አንድ በሬ ያለው ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር በመቀናጆ ሲያርስ የበሬው መድከም የሁለት ቤት ጉዳት ስለሆነ፣ ጥቅሙ ራሱ ገበሬውን በሬውን ከመጉዳት በመጠኑ ይገታዋል።

ይህ መግቻ ግን በጭነት መኪና ታጭቀው ለሚጓዙ በጎች፣ በቄራ ተራቸውን ለሚጠብቁ ከብቶችና በጠባብ ሽቦ ቤት ለሚረቡ ዶሮዎች አይሠራም። እዚያ የእንስሳው ሥቃይ ለነጋዴው ወጪ መቀነሻ ሊሆን ይችላል፤ ሰንበትም አይደርስላቸውም። በ1979 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ የተቀረጹት አምስቱ ነጻነቶች፣ ከረሃብና ጥም፣ ከምቾት ማጣት፣ ከሕመምና ጉዳት፣ ከፍርሃት መጠበቅ እንዲሁም ተፈጥሯዊ ጠባይን መግለጽ መቻል፣ መለኪያ የሚሆኑት ለዚህ ቦታ ነው። ስለዚህ የሕግ ግዴታ ይበልጥ ሊጠብቅ የሚገባው ባለቤቱና እንስሳው የጋራ ኑሮ በሌላቸው ቦታ ነው፤ የሚከለከለውም ለእንስሳው ለራሱ ተብሎ ሊሆን ይገባል።