ከመግሪብ እስከ ዒሻእ

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም፡፡ 

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ራሴ ቤት ነው፡፡ ሁለተኛ ክፍል የሚማር ልጅ አለኝ፡፡ የአማርኛ መጽሐፉን ዘርግቶ ሲያነብልኝ አንድም ቦታ አይደናቀፍም፡፡ እኔም ‹‹ማሻአላህ!›› እልና ደብተሩ ላይ ፈርሜ ወደ ዜናዬ እመለሳለሁ፡፡ አንድ ምሽት ግን ዓይኑ ሌላ ቦታ ሆኖ አፉ ሲያነብ ያዝኩት፡፡ ጣቴን ከገጹ መሐል አንዲት ቃል ላይ አሳርፌ ‹‹ይህችን አንብባት›› አልኩት፡፡ ዝም አለ፡፡ ደገምኩለት፤ ዝም አለ፡፡ በሦስተኛው እጄ ከአፌ ቀደመ፡፡ መታሁት፡፡ አስተግፊሩላህ!

ልጁ ሰነፍ ሆኖ አልነበረም፡፡ አስተማሪዋ ክፍል ውስጥ ስታነብ እየሰማ በቃሉ ይይዘው ነበር፡፡ ማንበብ አለመቻሉን ወራት ሙሉ ደብቆ ሲሸከም፣ እኔ አባቱ ከሥሩ እየፈረምኩ ነበር፡፡

ችግሩ የእኔ ቤት ብቻ አይደለም፡፡ በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በልዩ ልዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም፡፡ ‹‹ኢቅረእ›› በሚል ቃል ወሕይ የጀመረላት ኡማ አባላት ይህን ሰምተን እንዴት እንተኛለን?

ቁርኣን ቤት የቀራን ሰዎች ይህን በሽታ እናውቀዋለን፡፡ ሉሑን ይዞ አሊፍ፣ ባ፣ ታ እያለ በዜማ የሚወርድ ልጅ፣ ኡስታዙ ከታች ወደ ላይ ሲጠይቁት ይጠፋበታል፡፡ እሳቸውም ለዚህ ነው ከመሐል እያነሱ የሚጠይቁት፡፡ የአማርኛው ገበታ ደግሞ 33 ፊደላት በሰባት ሰባት ሆሄ፣ በጠቅላላው 231 ነው፡፡ በዜማ ብቻ የወጣው ልጅ ከመሐል ‹‹ጡ›› የቷ ናት ቢባል ከ‹‹ጠ›› ጀምሮ ካልቆጠረ አያገኛትም፡፡

‹‹እኔ ያልተማርኩ ነኝ፤ ምን ላግዘው?›› የሚሉ እናቶች አሉ፡፡ እናቴም ፊደል አልቆጠረችም፡፡ ነገር ግን መግሪብ ከሰገደች በኋላ ምስሯን እየለቀመች ‹‹በል ድምፅህን አሰማኝ›› ትለኝ ነበር፡፡ ስሳሳት ታውቃለች፡፡ እንዴት እንደምታውቅ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው፡፡ በዐረብኛው የሚጠብቀውን ፊደል ሸዳ ያሳየናል፤ አማርኛችን ምልክት የለውም፡፡ ‹‹አባቴ እቤት አለ›› የሚለውን ልጁ አላልቶ ‹‹ተናገረ›› በሚለው ድምፅ ካነበበው፣ ፊደሉን ለቅሟል እንጂ ነገሩ አልገባውም፡፡ ይህን ለመስማት ዲፕሎማ አያሻም፤ ጆሮ ይበቃል፡፡

አስጠኚ መቅጠርን አልቃወምም፡፡ እኔ ራሴ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የኪስ ገንዘቤን ያገኘሁት በማስጠናት ነው፡፡ ግን አስጠኚው የቤት ሥራውን ሠርቶለት፣ አባት ሞባይሉን፣ እናት ቴሌቪዥኑን ይዘው የሚያመሹበት ቤት ስንት ነው? ልጁ አሥር ከአሥር ያመጣል፤ ማርኩ ግን የአስጠኚው ነው፡፡

ከዚያች ምሽት ወዲህ ከአእምሮዬ ያልወጣ ሐዲስ አለ፡፡ በ2ኛው ዓመተ ሒጅራ ከበድር በኋላ ቤዛ የሚከፍሉት ያጡ ምርኮኞች ነበሩ፡፡ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የአንሷር ልጆችን ጽሕፈት ማስተማራቸውን ቤዛ አደረጉላቸው፡፡ ኢማም አሕመድ በሙስነዳቸው ከኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) እንደዘገቡት፣ አንድ ቀን አንዱ ልጅ እያለቀሰ ወደ አባቱ መጣ፡፡ አስተማሪው መትቶት ነበር፡፡ አባትየው ሰውዬው የበድርን ቂም በልጄ ላይ እየተወጣ ነው ብሎ ተቆጣ፤ ዳግመኛም ወደ እሱ እንዳይሄድ ከለከለው፡፡ ልብ በሉ! ያ የመታው ምርኮኛ፣ የተሸነፈ ጠላት ነበር፡፡ እኔ ምን ቂም ነበረኝ?

ልጄን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፡፡ አሁን መግሪብን አብረን ሰግደን ስንመለስ እስከ ዒሻእ ያለው ጊዜ የእሱ ነው፡፡ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያነብልኛል፤ ቃሏ ስትከብደው ፊደል በፊደል እንለቅማታለን፤ ከዚያ መጽሐፉን አጥፎ ታሪኩን በራሱ አነጋገር ይነግረኛል፡፡ የቤት ሥራውን እሱ ይሠራል፤ እኔ አጠገቡ እቀመጣለሁ፡፡ አንዳንድ ቀን ግማሽ ገጽ ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ይሁን፡፡

ባለፈው ጁሙዓ እናቴ ዘንድ ወስጄው አነበበላት፡፡ አንድ ቦታ ሲደናቀፍ፣ እንደ ልማዷ ከምስሯ ቀና ሳትል ‹‹እንደገና በላት የኔ ልጅ›› አለችው፡፡ ደገማት፤ አገኛትም፡፡ ከመድገሙ በፊት ግን ዞር ብሎ እጄን አየ፡፡